ከመሠረቱ በፊት ችካሉ

ግንበኛው ለሰኞ ተቀጥሮ፣ ድንጋዩና አሸዋው በር ላይ ተራግፎ ነበር። አዲስ አበባ ባለው ግቢያችን በምሥራቅ በኩል ያለው የቆርቆሮ አጥር ቋሚዎቹን ምስጥ በልቷቸው ስለነበር በብሎኬት ልንተካው ወስነናል። ግንበኛው «በነበረበት መስመር እንቆፍር» አለኝ። እሺ ከማለቴ በፊት ካርታችንን አውጥቼ በመንገድ በኩል ያለውን ጎን በሜትር ለካሁት። ካርታው 12.50 ይላል፤ መሬቱ 13.10 ሆነ። የ60 ሳንቲ ሜትሩ ባለቤት ማን እንደሆነ ሳላውቅ መሠረት ማስቆፈር ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

ሜትር ደግሞ ርዝመትን እንጂ ቦታን አይናገርም። ትርፉ ከምሥራቁ ጎረቤት ይሁን ከምዕራቡ ማወቅ አልቻልኩም። በካርታው ላይ በየማዕዘኑ የሰፈሩትን የምሥራቅና የሰሜን ቁጥሮች በስልኬ ጂፒኤስ ልፈልጋቸው ብሞክር፣ ግቢያችንን ሁለት መቶ ሜትር ያህል አርቆ አስቀመጠልኝ። ምክንያቱን በኋላ የቀጠርኩት ቀያሽ አስረዳኝ፤ ካርታችን የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፣ ስልክ የሚጠቀመው ሌላ ነው። መነሻው ቢስተካከል እንኳ የስልክ ጂፒኤስ በሜትሮች ስለሚስት ለድንበር አይሆንም።

ቀያሹ ከመምጣቱ በፊት ወደ ምሥራቋ ጎረቤታችን ሄድኩ። ከሠራሁት ሁሉ ይህን ቀድሜ በማድረጌ እጅግ ደስ ይለኛል።

«እማማ፣ ቅዳሜ ቀያሽ ይመጣል። እርስዎም ካርታዎን ይዘው ቢገኙልኝ።»

«ከአባትህ ጋር በአጥር ተጣልተን አናውቅም፤ ዛሬ ምን መጣ ልጄ?»

«ወደ ፊትም እንዳንጣላ ብዬ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ቀያሹ መጀመሪያ ሁለቱን ካርታዎች ጎን ለጎን ዘርግቶ የምንጋራቸውን ማዕዘኖች ቁጥር አመሳከረ። አንድ ነበሩ። የግል ቀያሽ ካርታው ላይ ያለውን ወደ መሬት ያወርዳል እንጂ ድንበር አይወስንም፤ ካርታዎቹ ቢጋጩ ኖሮ ጉዳያችን የክፍለ ከተማው ነበር። ከዚያ ቶታል ስቴሽን የሚባለውን ርቀትና ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ በሦስት እግሩ ላይ አቁሞ፣ መገኛው ከሚታወቅ የመቆጣጠሪያ ነጥብ ተነሥቶ መለካት ጀመረ። ረዳቱ መስታወት ያለበትን ዘንግ ይዞ «ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ በቃ» እየተባለ ሲጠጋ ሲጠጋ፣ ዘንጉ ያረፈው በእኛ ግቢ ውስጥ፣ እናቴ በተከለችው ጌሾ መካከል ነው። የፌሮ ቁራጭ እዚያው በመዶሻ ገባ። በምዕራብ በኩል ያለው ግንብ በትክክለኛ ቦታው ተገኘ። ትርፉ የእማማ ነበር።

አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እማማ ግን ችካሉን አይተው «አባትህ እኮ ቋሚ በበሰበሰ ቁጥር ጉቶውን ሳይነቅል ከጎኑ አዲስ ያስተክል ነበር» አሉ። አጥሩን ስንነቅል ሦስት ጉቶዎች ተከታትለው ከአፈሩ ወጡ፤ የመጨረሻው ከችካሉ አጠገብ ነበር። ማንም መሬት አልሰረቀም፤ አጥሩ በእያንዳንዱ ጥገና ጥቂት ጥቂት ተራምዷል። የቆመ አጥር ሁሉ ድንበር ይመስለኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ አይመስለኝም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ። የብሎኬቱ ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም የድንጋይ መሠረታችን ስፋት 50 ነው። ብሎኬቱን ልክ መስመሩ ላይ ብናቆም መሠረቱ ከአፈር በታች ወደ ጎረቤት ይሻገራል። ስለዚህ ከችካል እስከ ችካል ሲባጎ ወጥረን፣ ኖራ ነስንሰን፣ የመሠረቱ የውጭ ጠርዝ ከኖራው እንዳያልፍ አድርገን ወደ እኛ አስገባነው። ግንበኛው ቦታ ታባክናለህ ብሎኛል፤ እኔ ግን የሰው መሬት ሥር ድንጋይ መቅበር አልፈለግሁም።

የማዕዘን ፌሮዎቹን በኮንክሪት አስያዝናቸው። ቀያሹ የነጥቦቹን ቁጥርና የጎኖቹን ርዝመት የያዘ ንድፍ በሁለት ቅጂ ሠርቶ ሁለታችንም ፈረምንበት፤ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችም በምስክርነት ፈረሙ። እማማ ቅጂያቸውን ከካርታቸው ጋር በአንድ ፕላስቲክ ጠቅልለው ከሳጥናቸው ከተቱ። ጌሾው አሁን በእሳቸው ግቢ ነው። ለፋሲካ ጠላ ሲጠመቅ ቅጠሉን በአዲሱ አጥር ላይ አሻግረው ለእናቴ ሰጧት።