ከባሕር ዛፉ ሥር የበቀለው ጽድ

ትእዛዙ አጭር ነበር። ክረምት ከመግባቱ በፊት በተዳፋቱ ላይ ያለው ባሕር ዛፍ በሙሉ ተቆርጦ ይነሣ፤ በምትኩ አገር በቀል ችግኝ ይተከል። ቦታው እንጦጦ ነው፤ እኔ በደን ባለሙያነት የተመደብሁት ቆረጣውን እንድከታተል ነበር። ትእዛዙን ያወጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። ጽድና ወይራ ወደ እንጦጦ ሲመለሱ ማየት የማይመኝ የደን ባለሙያ የለም። ባሕር ዛፍ ደግሞ ውኃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ ሣር አያስበቅልም እየተባለ ሲወቀስ የኖረ ዛፍ ነው።

የሞተር መጋዙ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ከችግኝ ጣቢያው አንዲት ሴት ወደ ላይ ወጡ። ሁላችንም "እማማ" ነው የምንላቸው። ችግኝ ጣቢያ ከመቀጠራቸው በፊት ለብዙ ዓመታት ከዚያው ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው እየተሸከሙ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲያወርዱ የኖሩ ናቸው። የቆራጮቹን አለቃ "ልጄ፣ እስቲ አንድ ጊዜ አቁሙልኝ" አሉት። መጋዙ ጸጥ ሲል ተንበርክከው ደረቁን ቅጠል በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ከስንዝር የማትበልጥ፣ ቅጠሏ መርፌ መርፌ የሚል አንዲት ችግኝ ብቅ አለች።

"ይህችን ማን ተከላት?" አሉ።

አለቃው ጎንበስ ብሎ አየና "ቁጥቋጦ እኮ ነው፣ እማማ" አላቸው።

"ጽድ ናት እንጂ! ቅጠል ስንጠርግ እጃችንን እየወጋች ነው ያወቅናት።"

ልክ ነበሩ። የሐበሻ ጽድ በልጅነቱ ቅጠሉ የሚዋጋ መርፌ ነው፤ ሲያድግ ግን ቅጠሉ ያጥርና እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ከቅርንጫፉ ጋር ይጣበቃል። ትልቁን ዛፍ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሕፃኑን ቢረግጠውም አይለየውም። ጽድ ወንዴውና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ነው። ሴቴዋ የምታፈራቸውን ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ መልክ ያላቸውን ፍሬዎች ወፎች ይለቅማሉ፤ ከዚያም ሄደው ባሕር ዛፉ ላይ ሲያርፉ ዘሩ ከኩሳቸው ጋር ከግርጌው ይወድቃል። ወይራውም የሚዘራው እንደዚሁ ነው። ረዣዥሞቹ ባሕር ዛፎች የወፍ ማረፊያ፣ ለሕፃኑ ጽድም ከበጋው ፀሐይ መከለያ ሆነዋል። እማማን ተከትለን ቅጠሉን እየገለጥን ስንሄድ ጽድ ብቻ ሳይሆን ወይራም፣ ቀጋም አገኘን። ትከሉ የተባልነውን ተራራው ራሱ ሲተክል ከርሟል፤ እኛ ደግሞ ግንድ ልንጥልበት ነበር።

እንጦጦ እንዴት እንደተራቆተ ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ይከነክነኛል። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃ አጠገብ አዲስ አበባን ቆርቁረው ነበርና ተራራው ለላይኛውም ለታችኛውም ከተማ ማገዶና የቤት እንጨት ሆነ። ጽዱ አለቀ፤ እንጨት ለማግኘት ሩቅ መሄድ ግድ ሆነ፤ ንጉሡም ዋና ከተማውን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደረሱ። ከተማው ባለበት እንዲጸና ያደረገው በዚያው በ1880ዎቹ ከውጭ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከብትም አይበላውም። ከዚያ ወዲህ የአዲስ አበባ እንጀራ በእርሱ ቅጠል ሲጋገር ኖረ፤ ምጣድ ለማጋል ከደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚሻል ማገዶ ያለ አይመስለኝም። ይህን ያህል የተሸከመንን ዛፍ ወራሪ ብቻ ብሎ ነቅሎ መጣል አይዋጥልኝም።

በዚያ ላይ ጎረቤቱ ተዳፋት ዓይናችን ፊት ነበር። ባለፈው በጋ ሙሉ በሙሉ ተመንጥሮ የተተከለ ነው። የሐምሌ ዝናብ የላዩን ጥቁር አፈር አጥቦ ወስዶታል፤ ከተተከሉት ችግኞች ብዙዎቹ ሥራቸው ተራቁቶ ደርቀዋል፤ የባሕር ዛፉ ጉቶ ግን አቆጥቁጦ ከሰው ቁመት አልፏል። እንጦጦ ሸንተረሩ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በሰሜን ጎኑ የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ ተፋሰስ ይሄዳል፤ በደቡብ የወረደው በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጦ በአቃቂ በኩል አዋሽ ይገባል። እኛ የቆምነው በደቡቡ ጎን ስለ ነበር ያ አፈር የት እንደ ሄደ መገመት አያዳግትም። ከሥር ሰው የሚኖርበት ከተማ አለ።

ቆረጣውን በዚያው ዕለት አስቁሜ የጽዶቹን ፎቶግራፍ ከጎረቤቱ ተዳፋት ፎቶግራፍ ጋር አያይዤ ሪፖርት ጻፍሁ። በስብሰባው ላይ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ሥራው የሚለካው በተከልነው ችግኝ ብዛት ነው፤ ወፍ የዘራው ደግሞ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይቆጠርም ተባለ። በእኔ እምነት ችግሩ ሁሉ ከዚህ መለኪያ ይጀምራል። እማማም ተጠርተው ነበርና "ቁጠሩታ! የበቀለውን ቁጠሩት" አሉ። በመጨረሻ ባሕር ዛፉ በአንድ ጊዜ እንዳይመነጠር፣ ጽድና ወይራ ባለበት ሁሉ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂቱ ብቻ እየሳሳ እንዲሄድ፣ የተቆረጠው ቅርንጫፍም በተዳፋቱ አግድም ተረብርቦ አፈሩን እንዲይዝ ተስማማን። ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ብቻ እንተክላለን።

እማማ ግን ገና አልጨረሱም። "ቅጠሉስ ለማን ሊሆን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው አላሰበበትም ነበር። ተራራው ፓርክ ሆኖ ሲከለል መንገዳቸው የተዘጋባቸው ቅጠል ለቃሚዎች ጉዳይ በዚያ ጥያቄ ወደ አጀንዳው ገባ። ከብዙ ውይይት በኋላ ሲሳሳ የሚወርደው ቅጠል ለእነርሱ እንዲሰጥ፣ ከቆረጣው በፊት ሕፃናቱን ጽዶች እየፈለጉ እንጨት ተክሎ ምልክት የማድረጉም ሥራ በቀን ክፍያ ለእነርሱ እንዲሆን ተወሰነ። የመጀመሪያዎቹን ሠራተኞች የመረጡት እማማ ናቸው። መመዘኛቸውም አንድ ነበር፤ በቅጠል የተሸፈነችውን ጽድ በእጇ ዳስሳ የምታውቅ።