ዛንዚባር ከልጆች ጋር

ልጅ ይዞ ዛንዚባር ለሚሄድ ሰው መጀመሪያ የምለው ቻንጉ ደሴትን ነው። ከአሮጌው የከተማ ክፍል ከስቶን ታውን በጀልባ ቅርብ ነው። እዚያ ያሉት ግዙፎቹ ኤሊዎች መጀመሪያ የመጡት በ1919 እ.ኤ.አ. ከሲሼልስ በስጦታ ነው። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ትንሿ ልጄ ቅጠል እያጎረሰች ቁጥሩን ስታነብ «ከአያቴም ይበልጣል!» ብላ ጮኸች።

ጆዛኒ ጫካ ደግሞ ከዛንዚባር ውጪ የትም የሌለው ቀይ ጉሬዛ አለ። ከሰል ይበላል! የሚመገበው ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዝ ያረክስለታል ይላሉ አጥኚዎች። ልጆቼ እስካሁን የሚያወሩት ይህንን ነው።

ምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄ፣ ውብ ነው፤ ባሕሩ ግን ሲሸሽ በጣም ይርቃል፤ ዋና ያማራችሁ ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ጠይቁ። የኪዚምካዚ መንደርን የዶልፊን ጉዞ አልመክርም፤ ጀልባዎቹ እንስሳቱን ሲያሳድዱ ማየት ደስ አይልም።