የማያማት ቦታ

ዛሬ ጠዋት መብራት የለም። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ብርሃን ፍለጋ መስኮቱ ስር ተቀመጥን። እማዬ ቀሚሷን ሰብስባ ከእምብርቷ በስተግራ በጣቷ ነካ አደረገች።

«እዚችው ጋ ውጊኝ። እዚች አታመኝም።»

«እማዬ፣ እሷን እርግፍ አድርገን ትተናታል ተባብለን አልነበር?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያቺ ቦታ ግን ጉድ ሠርታናለች።

የስኳር መድኃኒቷን ኢንሱሊኑን ሁለት ዓመት ሙሉ የወጋኋት እዚያው ነው። ስለማያማት። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። ስኳሯ ግን አልያዝ አለ። አንድ ቀን 300፣ በማግስቱ 110። «ተደብቀሽ ምን በላሽ?» እያልኩ እጨቀጭቃታለሁ፤ እሷ በማርያም ትምላለች። በክትትል ቀኗ መጠኑን ጨመሩላት። ደግሞ ጨመሩላት። ሆዷን ገልጦ ያየ ግን አልነበረም።

ምክንያቱን ያገኘችው አንዲት ነርስ ናት። «የምትወጉበትን ቦታ አሳዩኝ» አለችና በጣቶቿ ዳበሰች። ከዚያ የእኔን እጅ ይዛ አስነካችኝ። ከቆዳው ስር ግማሽ እንቁላል የሚያክል፣ ጠጠር ያለ እብጠት። ለዓይን እምብዛም አይታይም፣ ለጣት ግን ወዲያው ነው። አንድ ቦታ ላይ ኢንሱሊን ሲደጋገም ስቡ እንዲህ ያብጣል አለችን። እዚያ የተወጋ መድኃኒት አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ በደንብ ይገባል፤ አመል የለውም። የማያማትም ቦታው ስለደነዘዘ ነው። እማዬን ለካ በከንቱ ነው የጠረጠርኳት።

ነርሷ «ቦታ ስትቀይሩ መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ስለሚችል ሐኪሟን አነጋግሩ» ብላን ነበር። እኔ ችኩሏ ግን በማግስቱ ያንኑ 30 ዩኒት ጭኗ ላይ ወጋኋት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቡና ስትቆላ እጇ ተንቀጠቀጠ፣ ግንባሯ በላብ ተጠመቀ። ብለካት 48። ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጬ አጠጣኋት። ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ 82። ከዚያ ዳቦ ሰጠኋት። ቡናው አርሮ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ሐኪሟ በኋላ ወደ 24 ዝቅ አደረገላት።

አሁን ሆዷን በአራት ከፍለነዋል። በየሳምንቱ ወደሚቀጥለው እንሄዳለን፤ ከእምብርቷ ሁለት ጣት፣ ካለፈው ቀዳዳ ደግሞ አንድ ጣት እንርቃለን። ሲሪንጁ በየጊዜው አዲስ ነው። ያገለገለው ክዳኑ ሳይገጠም ቀጥታ በረኪና የነበረበት ጠንካራ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ልጆች በባዶ እጃቸው ነው የሚሠሩት።

መብራት ሲጠፋ እንደ ድሮው አልሸበርም። የተከፈተው ብልቃጥ ሙቀት ካላገኘው ከፍሪጅ ውጭም አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ያልተከፈተውን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለች ትንሽ እንስራ ውስጥ አኖረዋለሁ። ጎረቤቴ ለጥንቃቄ ብላ የራሷን ኢንሱሊን ፍሪዘር ውስጥ ከታው ነበር። በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም፤ በስንት ብር እንደገዛችው ሳስብ ያንገበግበኛል።

ደመና የመሰለውን ብልቃጥ በመዳፎቼ መሃል 20 ጊዜ አንከባለልኩት። አይናጥም። 24 ዩኒት ቀዳሁ፣ የአየር አረፋውን አስወጣሁ። ከእምብርቷ በስተቀኝ፣ ታች፣ ቆዳዋን ቆንጠር አድርጌ ወጋሁ።

«ውይ! ይቺ ደግሞ ታማለች!»

እሷ እያጉረመረመች እኔ እስከ አስር ቆጠርኩ። መርፌውን አወጣሁና ግድግዳው ላይ ካለው ካሌንደር የዛሬዋ ቀን ስር «ቀኝ ታች» ብዬ ጻፍኩ።