መንገዱን ተከትለው የተሰለፉ ነጥቦች

ዛሬ ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ የእሬት ዝርያዎች የሚበቅሉባቸውን ቦታዎች ያመለከትኩበትን ካርታ መንገድ ለሚመሩን አዛውንት በላፕቶፕ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩና፣ በተሰነጠቀው የአውራ ጣታቸው ጥፍር ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየተከተሉ፣ «ልጄ፣ ይኼ እኮ እሬቱ አይደለም፤ የመኪናው መንገድ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በአገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች የሚገኙ ሲሆን በርካታዎቹ በሌላ በየትኛውም አገር አይበቅሉም፤ ነጥቦቼ የተወሰዱት ግን ሰብሳቢዎች በየዘመኑ ከመኪና ወርደው ቆርጠው፣ ተጭነው ከደረቁና በሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች ለጥናት በሚጠበቁበት ቦታ) ከተቀመጡ ናሙናዎች ነው። በአንዱ ናሙና ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር» ከማለት በቀር ሌላ ፍንጭ አይሰጥም።

አባታችን ከመንገዱ አርባ ደቂቃ ያህል አስኪደውን ከአንድ ገደል አፋፍ ላይ አቆሙን። ቅጠላቸው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ እሬቶች፣ አሎ ፑልቸሪማ የሚባሉት፣ ፍየል እንኳ በማይደርስበት ዐለት ላይ ተዘቅዝቀው ተንጠልጥለዋል። ካርታዬ በዚያ ቦታ ባዶ ነበር።

አንድ ዝርያ ለመጥፋት መቃረብ አለመቃረቡ ሲመዘን፣ ከመመዘኛዎቹ አንዱ ዝርያው የተገኘባቸው 2 በ2 ኪሎ ሜትር የሆኑ አራት ማዕዘኖች ድምር ስለሆነ፣ ማንም በእግሩ ያልደረሰበት ገደል እሬት እንደሌለበት ሊቆጠር ይችላል፤ ይህም በጣም ያሳስበኛል። ማታ አምስት አዳዲስ ነጥቦች ጨመርኩ፤ አምስቱም ከመንገዱ የራቁ ናቸው።