ብሯ ስንት እጅ ዞረች?

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ውስጥ፣ ጥጓ በፕላስተር የተለጠፈች የመቶ ብር ኖት ለበርበሬ ሻጭ ከፈልሁ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ ያቺው ኖት ከሽንኩርት ሻጭ እጅ መልስ ሆና ደረሰችኝ። ስለ ሞኒታሪስቶች፣ ማለትም የዋጋ ንረት በዋናነት ከገንዘብ መጠን ይመጣል ስለሚሉት የኢኮኖሚ ሊቃውንት፣ አስተሳሰብ ሳነብ ለረጅም ጊዜ የቸገረኝ ነገር፣ ማለትም ገንዘብ ምን ያህል ነው ከሚለው ባሻገር ስንት ጊዜ ይዞራል የሚለው ጥያቄ፣ በዚያች ኖት ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

የሐሳቡ ሥር ሞኒታሪዝም ከሚለው ስም በብዙ ዘመን ይቀድማል። የሳላማንካው ሊቅ ማርቲን ደ አስፒልኩዌታ እ.ኤ.አ. በ1556፣ ከአሜሪካ የሚጋዘው ወርቅና ብር ስፔንን ባጥለቀለቀበት ዘመን፣ ገንዘብ በበዛበት አገር ሸቀጥ እንደሚወደድ ጽፏል። ይህን የጎንደር ሲራራ ነጋዴ ያለ መጽሐፍ ያውቀው ነበር፤ ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላና የጨው ቅፍለት ሲቀንስ፣ በአንድ ማርትሬዛ ብር የሚመነዘረው አሞሌ፣ እንደ ገንዘብ ያገለግል የነበረው የጨው ጡብ፣ ቁጥሩ ያንስ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካዊው ኧርቪንግ ፊሸር ነገሩን በቀመር አሰረው፦ የገንዘቡ መጠን በዝውውሩ ፍጥነት ሲባዛ፣ የዋጋ ደረጃ በግብይቱ ብዛት ተባዝቶ ከሚገኘው ጋር እኩል ይሆናል።

የሞኒታሪስቶች መሪ የሆነው አሜሪካዊው ሚልተን ፍሪድማን እ.ኤ.አ. በ1956 ይህን አሮጌ ንድፈ ሐሳብ አድሶ አቀረበው። በእኔ ግምት ትልቁ ሥራው ግን ከአና ሽዋርትዝ ጋር በ1963 ያሳተመው የአሜሪካ የገንዘብ ታሪክ ነው። ከ1929 እስከ 1933 የአገሪቱ የገንዘብ መጠን በሲሶ ገደማ መቀነሱንና ባንኮች በተራ ሲዘጉ የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ ፌደራል ሪዘርቭ ዳር ቆሞ መመልከቱን ስላሳዩ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ማዕከላዊ ባንኩም ተጠያቂ ሆነ። የፍሪድማንን ስም የሚያነሡ ብዙዎች የዋጋ ንረቱን ክርክር ብቻ ይዘው ይህን መርሳታቸው ይገርመኛል።

የገንዘብ መጠን በየዓመቱ በአንድ በተወሰነ መቶኛ ይደግ የሚለው የፍሪድማን ምክር የሚሠራው የዝውውሩ ፍጥነት የሚተነበይ ሲሆን ነው። የፌደራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር የነበረው ፖል ቮልከር እ.ኤ.አ. በ1979 የገንዘቡን መጠን መቆጣጠር ሲጀምር የወለድ ምጣኔ ወደ 20 በመቶ ወጣ፤ የዋጋ ንረቱ ቢበርድም ሥራ አጥነት በ1982 ከ10 በመቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ከለመደው መስመር ስለወጣ የመጠን ግቡ ቀስ በቀስ ተተወ።

የእኛም ብሔራዊ ባንክ የገንዘብን መጠን ዒላማ ማድረጉን ትቶ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ ማለትም ራሱ በሚወስነው መነሻ የወለድ ምጣኔ፣ መመራት ጀመረ። ይሁንና በባንኮች የብድር ዕድገት ላይ ከዓመት በፊት የጣለውን የ14 በመቶ ጣሪያ ያን ጊዜ አላነሣውም።