ሌላውን ልጅ ማን ይይዘዋል?

ባለፈው ሳምንት የሰፋሁትን የሕፃን ማዘያ አንዲት እናት እንድትሞክርልኝ ሰጠኋት። ሱዳናዊት ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሳ ሁለት ልጆች ይዛ በመተማ በኩል የገባች፣ አሁን ሦስተኛ የወለደች። ማዘያውን ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ስፌቱን ሳብ ሳብ አደረገችው፣ ሕፃኗን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ፈለገች። ሁለት ዘለበት አለው። ሁለቱም ሁለት እጅ ይፈልጋሉ። ቀና ብላ አየችኝና «እህቴ፣ ሌላውን ልጅ ማን ይይዘዋል?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ሦስት ወር የለፋሁበት ሥራ ነው። ሕፃኑ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከመቀመጫው ከፍ እንዲል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ ትንፋሽ እንዳያጥረው፣ ሁሉንም ለክቻለሁ። ግን የለካሁት ሶፋ ላይ ተረጋግታ የተቀመጠች፣ አጠገቧ ሰው ያላት እናት ላይ ነው። መንገድ ላይ ያለች እናት በአንድ እጇ ትልቁን ልጅ፣ በሌላው ፌስታል ይዛለች። ይሄ እንዴት እንዳመለጠኝ እስካሁን ያናድደኛል።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ እ.ኤ.አ. በ2015 የግሪክ ደሴቶች ላይ የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ከ800 ሺህ በላይ ሰው ከቱርክ በባሕር ግሪክ ገባ፣ አብዛኛው በሌዝቦስ በኩል። የሶሪያና የአፍጋኒስታን እናቶች ከጀልባ ወርደው ልጅ ታቅፈው ረጅም መንገድ በእግር ይሄዱ ነበር። የሕፃን ጋሪ ለዚያ ጭቃና ድንጋይ አይሆንም። ካሊፎርኒያ ያለች አንዲት እናት ያገለገሉ ማዘያዎች ሰብስባ መላክ ጀመረች፣ «ኬሪ ዘ ፊውቸር» የሚባለው ድርጅት የተነሳው ከዚያ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ማዘያውን እናቶቹ ላይ ራሳቸው ያስሩላቸው ነበር። ልቤን የነካው እሱ ነው።

ግን የብስ ላይ የሚያድን ማዘያ ባሕር ላይ ሊገድል ይችላል። ጀልባው ቢገለበጥ ላይፍ ጃኬቷ እናትየዋን በጀርባዋ ያንሳፍፋታል፣ ጀርባዋ ላይ የታሰረው ልጅ ደግሞ ከውሃው ስር ይቀራል። ስለዚህ ጀልባ ላይ ሕፃን ከእናቱ ጋር አይታሰርም። የራሱ ጃኬት ያስፈልገዋል፣ ፊቱን ወደ ላይ የሚያዞር ኮሌታ ያለው፣ ሾልኮ እንዳይወጣም በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው። እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ኢዝሚር ውስጥ የቱርክ ፖሊስ ከአንድ ስፌት ቤት 1,263 ሐሰተኛ ላይፍ ጃኬት ያዘ። እንዲህ ያሉት ውሃ የሚመጥ ነገር ተሞልቶባቸው ነው የሚሸጡት። እኔም ስፖንጅ ገዝቼ የምሰፋ ሰው ነኝ። አንድ ሰው መቀሱን ይዞ፣ ለልጅ የሚሆነውን ቁጥር ቆርጦ፣ ያንን ሲሞላ ይታየኛል። እንቅልፍ ይነሳል።

ለዚህ ነው ማዘያዬ ቶሎ መታሰር ብቻ ሳይሆን ቶሎ መፈታትም ያለበት። ጀልባ ላይ አውልቂ የሚለውን በሥዕል እሰፋበታለሁ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደምታነብ ስለማላውቅ። ከፊትም እንዲታሰር አድርጌዋለሁ፣ እየሄደች እንድታጠባ። ንጹሕ ውሃ በሌለበት መንገድ ጡጦና የዱቄት ወተት ልጁን ለተቅማጥ ያጋልጡታል።

የእናትየዋን ጥያቄ ይዤ ቤት ስገባ የአያቴ አንቀልባ ትዝ አለኝ። ዛጎል የተሰፋበት፣ ለስልሶ የጠቆረ ቆዳ። ጎንበስ ትልና ልጁን ጀርባዋ ላይ ታደርጋለች፣ በአንድ እጇ ከኋላ ደገፍ አድርጋ የጠፍሩን ጫፍ በጥርሷ ትይዘዋለች፣ ከዚያ ሳብ፣ ቋጠር። አንድ እጅና ጥርስ! እኔ ዘለበት ፍለጋ መርካቶን ሳስስ ነው የከረምኩት።

አሁን አንዱን ዘለበት አውጥቼ በብረት ቀለበት ተክቼዋለሁ። ጨርቁ በቀለበቱ ውስጥ አልፎ በአንድ እጅ ይሳባል። ድምፅም የለውም፣ የተኛ ልጅ አይቀሰቅስም። ትናንት ማታ አምስት ኪሎ ጤፍ አዝዬ፣ በግራ እጄ የበሩን እጀታ ይዤ ሞከርኩት። ሦስቴ ያዘ፣ በአራተኛው ጨርቁ ትንሽ ሾለከ። ወፈር ያለ ጨርቅ ልሞክር ነው። ቅዳሜ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች።