የክሬዲት ካርድ ዕዳና የሜሪላንድ ፍርድ ቤት

በአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ አካባቢ ስለ ክሬዲት ካርድ ዕዳ ወሬ በተነሳ ቁጥር በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ያሳስራል ወይ?» የሚለው ነው። ዕዳው ራሱ አያሳስርም፤ ከተፈረደ በኋላ ግን ፍርድ ቤት ስለ ገቢና ስለ ንብረት ለመጠየቅ ሲጠራ ደጋግሞ የሚቀር ሰው፣ ትእዛዝ ባለማክበሩ ተይዞ ሊቀርብ ይችላል።

አገር ቤት ባንክ ሲያበድር መያዣ ወይም ዋስ ይጠይቃል። ክሬዲት ካርድ ሁለቱም ስለሌሉት፣ አበዳሪው ደመወዝ ለማስያዝ አስቀድሞ ከስሶ መርታት አለበት። ክፍያ ለ180 ቀናት ያህል ሲቋረጥ ባንኩ ዕዳውን በኪሳራ ይመዘግበዋል፤ ይህን የሰማ ሰው ዕዳው የተሰረዘለት ይመስለዋል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ለዕዳ ገዢ ድርጅት በርካሽ የሚሸጠው ከዚህ በኋላ ነው።

በእኔ አስተያየት ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው መጥሪያው ነው። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ከመጥሪያው ጋር፣ ተከሳሹ ክሱን ለመከላከል ማሰቡን የሚያሳውቅበት ቅጽ ይመጣል፤ በአብዛኛው መጥሪያው በደረሰ በ15 ቀናት ውስጥ ተሞልቶ ለፍርድ ቤቱ መመለስ ይኖርበታል። ቅጹ ካልተመለሰ ዳኛው ከሳሽ በቃለ መሐላ አስደግፎ ያቀረበውን ሰነድ ብቻ አይቶ ሊፈርድ ይችላል። ዕዳ ገዢው ዕዳው ከመጀመሪያው ባንክ ወደ እርሱ እንዴት እንደተላለፈ በማስረጃ እንዲያሳይ ሕጉ ያስገድደዋል፤ ሆኖም ተከራካሪ በሌለበት መዝገብ ጉድለቱን ነቅሶ የሚያወጣ የለም። የሦስት ዓመቱ የይርጋ ጊዜ (ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ) ካለፈም በኋላ መክሰስ አይፈቀድም፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ትንሽ ገንዘብ መክፈልም በሜሪላንድ ሕግ ይርጋውን እንደ አዲስ አያስጀምረውም። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ቨርጂኒያ ሲገቡ ሕጉ ሌላ ነው።

ፍርዱ ለ12 ዓመታት ይጸናል፣ ሊታደስም ይችላል። ከደመወዝ የሚያዘው ግብርና ሌሎች በሕግ የሚቆረጡ ክፍያዎች ተቀንሰው ከሚቀረው ከ25 በመቶ አይበልጥም። የባንክ ሒሳብም ይታገዳል፤ በቀጥታ የሚገባ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ገንዘብ ካለ ግን ባንኩ የሁለት ወሩን ያህል ሳይነካ እንዲያቆይ ይገደዳል። ለዚህም ነው የእናት ጡረታ ለብቻው በተከፈተ ሒሳብ ቢገባ የሚመረጠው።

ተደራድሮ በግማሽ የተስማማ ሰው ደግሞ የተማረለት ገንዘብ 600 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 1099-ሲ የሚባል ቅጽ ሊላክለት ይችላል፤ የታክስ መሥሪያ ቤቱ ይህን እንደ ገቢ ይቆጥረዋልና። ምሕረቱ በተደረገበት ጊዜ ዕዳው ከንብረቱ ይበልጥ የነበረ ሰው፣ በበለጠው መጠን ልክ፣ ቅጽ 982ን ከታክሱ ጋር አያይዞ ነፃ መሆን ይችላል።